በማሰሮ ሥር ያለችው እንግዳ፦ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ በረንዳ አትክልት የተደረገ ዲስኩር



ባለፈው ዓመት፥ ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፥ በበረንዳዬ ላይ በረድፍ ካስቀመጥኋቸው የአበባ ማሰሮዎች በሦስቱ ያበቀልኋቸው የሰላጣ ችግኞች በአንዲት ሌሊት ተበልተው አደሩና፥ ጠዋት የቡና ስኒዬን ይዤ ስወጣ ከአፈሩ በላይ የቀረልኝ እንደ ክብሪት እንጨት የቆመ አገዳ ብቻ ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ፥ በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ወፍን ነበረ፤ ከወፍ ቀጥሎ የጎረቤትን በግ፤ ከበጉም ቀጥሎ፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፥ ዘበኛችንን። ዘበኛችን ግን ዕድሜ የጠገበ የገጠር ሰው ነበረና፥ ክሱን በትዕግሥት ከሰማ በኋላ አንድ ቃል ሳይመልስልኝ ጎንበስ ብሎ ከማሰሮዎቹ አንዱን በሁለት እጁ አነሣና፥ «ጌታዬ፥ ሌባው ከቤት አልወጣም» ብሎ ሥሩን አሳየኝ። ከማሰሮው ሥር፥ ውሃ ከሚወርድበት ቀዳዳ አጠገብ፥ ሰባት ቀንድ አውጣዎች በልቶ እንደ ጠገበ እንግዳ ተጠቅልለው ተኝተው ነበር።

ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የምናገረው ሁሉ ከዚያች ጠዋት የተማርሁትን ነገር ማፍታታት ነው፤ ይኸውም፥ በማሰሮ ያለ አትክልቱን ከቀንድ አውጣ ለመጠበቅ የሚሻ ሰው፥ ጦርነቱ ያለው በቅጠሉ ላይ ወይም በማሰሮው ዙሪያ ሳይሆን በማሰሮው ሥር መሆኑን ያውቅ ዘንድ ይገባዋል የሚል ነው። እኔ ከዚያች ጠዋት በኋላ እንኳ ይህን በሚገባ እስክረዳ ድረስ አመድ ነስንሻለሁ፤ የእንቁላል ቅርፊት ቀጥቅጬ እንደ ግምብ አጥር አቁሜአለሁ፤ አንድ ጊዜም፥ ለመናገር አፍራለሁ፥ ጨው በትኛለሁ። ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተሸንፎ ዘግይቶ እንደ ነቃ ሰው ቍጠሩኝ። ዘመናቱንም የምጠራው፥ ነገሩ ብዙው ከውጭ አገር ስለሆነ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጠላትን ማወቅ ከስሙ ይጀምራልና ስለ ስሟ ጥቂት ልበል። «ቀንድ አውጣ» የሚለው ቃል ሲጠሩት መጠሪያ ሳይሆን ትእዛዝ ይመስላል። የመጻሕፍት መምህራን እንደ ልማዳቸው በአንድምታ ቢተረጕሙት ኖሮ፥ ፀሐይ ሲሸሽ፥ ዝናም ሲያካፋ ቀንዷን ታወጣለችና ቀንድ አውጣ አላት፤ አንድም፥ በጣት ሲነኳት ቀንዷን ትሰበስባለችና ልጆች ከፊቷ ተቀምጠው እስክታወጣ ይጠብቃሉና ቀንድ አውጣ አላት፥ ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ትርጓሜው በዚህም ቢሆን በዚያ፥ ቀንድ የተባለው ነገር ቀንድ አይደለም። በራሷ ላይ ያሉት አራት ናቸው፤ ሁለቱ ረጃጅሞች በጫፋቸው ዓይን የተሸከሙ፥ ሁለቱ አጫጭሮች ደግሞ ወደ መሬት ዘንበል ብለው የሚያሸትቱና የሚቀምሱ ናቸው። ዓይኗም ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት እምብዛም የማያልፍ ስለሆነ፥ በሌሊት ከበረንዳው ጥግ ተነሥታ ወደ ሰላጣው ስትሄድ የሚመራት ማየት ሳይሆን ማሽተት ነው። ይህችን ነገር በኅሊናችሁ አኑሩልኝ፤ ስለ ሊጥ በምናገርበት ጊዜ እመለስባታለሁና።

በዚህ ዲስኩር ሁሉ «እርሷ» እያልሁ መጥራቴም በአማርኛ ትንሹን ፍጥረት በአንስት አነጋገር የመጥራት ልማድ ስላለን ነው እንጂ፥ የአትክልት ቀንድ አውጣ በተፈጥሮዋ ተባዕትነትንና አንስትነትን በአንድ አካል የያዘች ናት፤ ሁለት ሲገናኙም ሁለቱ በየበኩላቸው እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። በአውሮፓ የአትክልት ሥፍራዎች የምትታወቀው ተራዋ ቀንድ አውጣ በአንድ ጊዜ ሰማንያ ያህል እንቁላል እርጥብ አፈር ቈፍራ ትቀብራለች። እንቁላሉ ነጭ፥ ክብ፥ የማሽላ ፍሬ የሚያህል ነው፤ ማሰሮ ገልብጣችሁ አፈር ስትለውጡ እንዲህ ያለ ነገር በክምር ብታገኙ ማዳበሪያ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የጠባይዋን ምሥጢር ሁሉ የሚፈታው ቍልፍ ግን ውሃ ነው። የግሪክ ቋንቋ የሚያውቁ ሊቃውንት ነገዷን «ጋስትሮፖዳ»፥ ማለት ሆደ እግር ብለው ሰይመዋታል፤ በውነትም የምትሄደው በሆዷ ላይ ባለ በአንድ ሰፊ እግር ነው። ይህ እግር ደረቅ መሬት ላይ መንሸራተት አይችልምና፥ በሄደች ቍጥር መንገዷን በልሃጭ ታነጥፋለች፤ ልሃጩ ደግሞ ከገዛ ሰውነቷ የሚወጣ ውሃ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንዝር መንገድ ለእርሷ ወጪ ነው፤ እንደ ድኻ ነጋዴ ሒሳቧን ሳታሰላ ከቤት አትወጣም። በዕብራይስጡ መጽሐፈ መዝሙር ክፉዎችን እየቀለጠ በሚያልፍ ቀንድ አውጣ የሚመስል አንድ ቦታ አለ፤ የዕብራውያን ባለቅኔ ይህን ልሃጭ አይቶ፥ ፍጥረቲቱ እየሟሟች ያለቀች መስሎት ይሆናል። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ግን በቀንድ አውጣ ፈንታ ሰም ብለዋልና፥ ከእነርሱ የተቀዳውን ዳዊት የሚደግም ወገናችን በዚያ ቦታ ላይ ቀንድ አውጣን አያገኛትም። ይህ ከነገሬ ጥቂት የወጣ ነው፤ ነገር ግን ባለቅኔው አልተሳሳተም፤ የምትሞተው በመድረቅ ነውና።

ከዚህ የተነሣ መዓልት ጠላቷ፥ ሌሊት ወዳጇ ነው፤ በጋ እስር ቤቷ፥ ክረምት አደባባይዋ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስትቈጥር የቀንድ አውጣንም የሥራ ዘመን የቈጠረች ይመስለኛል፤ ዘመነ ጽጌ ሲገባና ሜዳው በአበባ ሲሸፈን እርሷ ጠግባ፥ እንቁላሏን ቀብራ፥ ለእንቅልፍ ትሰናዳለች። በጋ ሲበረታ ወደ ቅርፊቷ ገብታ አፉን በደረቀ ልሃጭ እንደ ብራና በቀጭኑ ትዘጋውና ዝናም እስኪመለስ ትጠብቃለች። ይህ መጠበቅ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል በለንደን ከተማ በብሪትሽ ሙዚየም የሆነው ነገር ይመሰክራል። በ1846 ዓ.ም. ከግብፅ በረሃ የመጣች አንዲት ቀንድ አውጣ የሞተች መስላ በካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፋ ለዕይታ ተቀመጠች፤ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1850 ዓ.ም.፥ አንድ ሰው በካርቶኑ ላይ የእርጥበት ምልክት አይቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጣት፥ ቀንዷን አውጥታ መሄድ ጀመረች። እንግዲህ በሚያዝያ ወር ከመንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች ስትገዙ፥ በማሰሮው ጠርዝ ሥር ተጣብቆ ያያችሁትን ቅርፊት «ይህስ የሞተ ነው» ብላችሁ ወደ ቤታችሁ የምታስገቡ ሁሉ፥ ያችን የግብፅ ባሕታዊት አስቧት።

አሁን ማሰሮውን በእርሷ ዓይን፥ ወይም በአፍንጫዋ፥ እንመልከተው። ሸክላ እንደምታውቁት ላብ አለው፤ እንስራችን ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ላቡ ነው። ስለዚህ ከፀሐይ የተሸሸገው የማሰሮው ጎን ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ይውላል። ከሥሩ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ፤ ይህ ለእርሷ በር ነው። በረንዳው እንዳይቈሽሽ ከሥር የምናስቀምጠው ሳህን አለ፤ ይህ ጓዳዋ ነው። ከላይ ወደ ውጭ የታጠፈ ከንፈር አለ፤ ይህ ታዛዋ ነው። የተቈረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም የቀለም ባልዲ የምትጠቀሙም ብትሆኑ የባልዲው እጀታ የሚገባበት ጥጋጥግ አይበቃትም ብላችሁ አታስቡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ምግቡ በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ተሰናድቶላታል፤ በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የምትሄድ ፍጥረት ብትሆንም፥ ከማሰሮው ሥር እስከ ቅጠሉ የሚያደርሳት መንገድ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። እኛ አትክልት ተከልን ስንል ለእርሷ ምግብ ቤት ያለው ማደሪያ ሠርተንላታል።

ጥፋቱ የእርሷ መሆኑንም ሳትመረምሩ አትፍረዱ፤ እኔ በዘበኛችን ላይ የፈረድሁትን አስታውሱ። አባጨጓሬ የበላው ቅጠል በላዩ ጥቁር ኵስ ይገኝበታል፤ ቀንድ አውጣ የበላችው ግን ወጣ ገባ ቀዳዳ ይሆንና በጠዋት ፀሐይ ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የልሃጭ መንገድ ይታይበታል። ምላሷ በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች የበቀሉበት ሞረድ ነውና፥ ለጋ ችግኝን እንደ ሰላጣና በሶብላ ያለውን ሥሩ ድረስ ትፍቀዋለች፤ እንደ ጤና አዳም ያለውን ኀይለኛ ሽታ ያለውን ግን በእኔ በረንዳ ነክታው አላየሁም።

ወደ መከላከያው ልምጣ። የሰው ልጅ በዚህ ነገር የተጠቀመባቸው ጥበባት ብዙ ናቸው፤ ከብዙዎቹም የምታገኙት ትርፍ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የቀለለው በግንብ አጥር ላይ ወደ ጎረቤት መወርወር ነው። ይህ ኀጢአት መሆኑን መናገር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ከንቱ መሆኑን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ። ሩት ብሩክስ የተባሉ በእንግሊዝ አገር የዴቨን ነዋሪ የሆኑ አያት፥ የሳይንስ ሰው ሳይሆኑ በአትክልታቸው የተማረሩ ሰው ሆነው፥ የቀንድ አውጣዎቹን ቅርፊት በጥፍር ቀለም ምልክት እያደረጉ ርቀው ቢያስቀምጧቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አገኙ፤ በዚህም ምርመራ በ2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ ራዲዮ ጣቢያ ቢቢሲ ያዘጋጀውን፥ ሳይንስን ሙያቸው ያላደረጉ ሰዎች የሚወዳደሩበትን የሳይንስ ውድድር አሸነፉ። ቀንድ አውጣን ተመልሳ እንዳትመጣ የሚያደርጋት ከሃያ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ነው ይባላል፤ የጎረቤታችን ግቢ ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ ስንት ሜትር እንደሚርቅ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አመድ አባቶቻችን የሚጠቀሙበት ነው፤ ደረቅ ሳለ ልሃጯን ይመጥጣልና በውነት ያስቸግራታል። ነገር ግን እርሷ የምትወጣው በዝናም ነው፥ አመድ የሚሠራው ደግሞ በደረቅ ነው፤ በሐምሌ ሌሊት አመድ መነስነስ ውሃ ላይ እንደ መጻፍ ነው። የእንቁላል ቅርፊት፥ ጠጠር፥ የጥድ ቅርፊት፥ የሱፍ ፍርፋሪ፥ እንዲሁም በዛሬ ዘመን ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት የመዳብ ጥብጣብ፥ እነዚህን አምስቱን የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ በሰላጣ ዙሪያ አድርጎ ቢፈትናቸው፥ ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ የተሻለ የዳነ አላገኘም። የእንቁላል ቅርፊት የምታጠራቅሙ እናቶች ይህን ስትሰሙ እንደምታዝኑ አውቃለሁ፤ እኔም ሁለት ወር አጠራቅሜአለሁ። ቅርፊቱ ለአፈሩ ኖራ ይሆናል፤ አጥር ግን አይሆንም፤ እንዲያውም ቀንድ አውጣ ዛጎሏን የምትሠራው ከዚሁ ከኖራ ዘር ነውና ሳናውቅ የግንብ ዕቃ አቅርበንላታል ብዬ እሠጋለሁ።

ስለ ጨው አንድ ቃል ብቻ፦ ይገድላታል፥ አገዳደሉ ግን ውሃዋን ከሥጋዋ መጥጦ በሥቃይ ነው፤ በማሰሮ ውስጥ የወደቀ ጨው ደግሞ መውጫ የለውምና ከእርሷ በኋላ አበባውን ይገድለዋል።

በሱቅ የሚሸጠው መርዝም አለ። ሜታልዲሃይድ የሚባለው ፍሬ ቀንድ አውጣን በፍጥነት ይጥላል፤ ነገር ግን ውሻና ድመት፥ ወፍም ጭምር ይበሉትና ይሞታሉ፤ በዚህ ምክንያት ታላቋ ብሪታንያ በ2022 ዓ.ም. ከቤት ውጭ እንዳይጠቀሙበት ከልክላለች። ውሻ ወይም ሕፃን ባለበት ግቢ ይህን ነገር የሚበትን ሰው አንድ የሰላጣ ቅጠልን ከነፍስ ጋር ያመዛዘነ ነው። መርዝ ግድ ከሆነባችሁ ከብረት ፎስፌት የሚሠራው ጕዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

አሁን ደግሞ ልባችሁን ወደሚያስደስት ነገር እመጣለሁ፤ ስለ ቡናችን። በሃዋይ ደሴት የአሜሪካ የግብርና ተመራማሪዎች ወደ አገሩ የገቡ ባዕድ እንቍራሪቶችን ለማጥፋት በቡና ውስጥ የሚገኘውን ካፌይን በውሃ በጥብጠው ሲረጩ፥ ያላሰቡት ነገር ሆነ፤ ትልልቆቹ ዛጎል የሌላቸው የቀንድ አውጣ ዘመዶች መሞት ጀመሩ። ነገሩን ቢመረምሩት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ካፌይን ያለበት ውሃ በማሰሮ የተተከለ ኦርኪድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚገድል ሆኖ ተገኘ፤ እጅግ የቀጠነው፥ ከመቶ የአንድ እጅ መቶኛ የሆነው እንኳ፥ ቅጠል እንዳትበላ ያስጠላታል። ይህን በ2002 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተሙት። በአንድ ስኒ ቡና ውስጥ ያለው ከመቶ የግማሽ አሥረኛ ያህል ካፌይን ስለሆነ፥ አቦል ቡና ቀንድ አውጣን አይገድላትም፥ ማዕዷን ግን ያበላሽባታል። ስለዚህ ከጀበናው የተረፈውን ቀዝቃዛ ቡና በቅጠሉ ላይ እረጨዋለሁ፤ ከዝናም በኋላም እደግመዋለሁ፥ ታጥቦ ይሄዳልና። ቶናውና በረካው እየቀጠኑ ስለሚሄዱ ለዚህ አገልግሎት አቦሉን ብትመርጡ መልካም ነው፤ አቦሉን ለቀንድ አውጣ ሰጥቶ ለራሱ በረካ የሚጠጣ አትክልተኛ ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ አላይም። ቡናን በጨው የምትጠጡ ደግሞ ጨው ያለበትን በምንም ምክንያት ወደ ማሰሮ አታፍስሱ።

ስለ እንዶድ እንደምጠየቅ አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ። የአገራችን ታላቅ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ወድቀው አዩ፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ናትና፥ ድኻ ሕዝብ በደጁ የሚያበቅለው ዕፅ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣውን መድኃኒት ሊተካ እንደሚችል ለማሳየት ዕድሜአቸውን ሙሉ ደከሙ። በ1989 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። አንድ ሰው ልብስ አጣቢዎችን አልፎ ሲሄድ፥ ሌላው የሚያየው አረፋውን ነው፤ እርሳቸው ግን ከአረፋው በታች ያለውን አዩ፤ እኔ ሳይንስ ማለት ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን ያች የውሃዪቱ ናት፥ የእኛ ደግሞ የደረቅ ምድር ናት፤ የአንዷን ፍርድ ለሌላዪቱ ማድረግ አይገባም። እንዶድ ዓሣንም የሚገድል ኀይለኛ ነገር ስለሆነ በበረንዳ ላይ እንድትረጩት አልመክርም።

እንግዲህ አመዱም፥ ቅርፊቱም፥ መርዙም ካልሆነ ምን ይሁን? ዘበኛችን ያደረገውን አድርጉ፤ ማሰሮውን አንሡ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ፥ ፀሐይ ሳይበረታ በነግህ፥ እያንዳንዱን ማሰሮ አንሥታችሁ ሥሩን፥ ቀዳዳውን፥ ሳህኑን፥ ከንፈሩን ተመልከቱ፤ ያገኛችሁትን ልቀሙ። በሳምንት አንድ ሌሊት ደግሞ ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት፥ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ የዚያን ጊዜ ቅጠሉ ላይ ቆማ፥ አራቱን ቀንዶቿን ዘርግታ፥ ያለ ፍርሃት ስትበላ ታገኟታላችሁ። እኔ በመጀመሪያ ይህን ሥራ እንደ ውርደት ቈጥሬው ነበር፤ ዛሬ ከሠርክ ጸሎት በኋላ የማደርገው ጸጥ ያለ ዙረት ሆኖልኛል። የምትለቅሙት በጓንት ወይም በወረቀት ይሁን፤ በአንዳንድ አገሮች ቀንድ አውጣ የአይጥ ሳንባ ትል የሚባለውን ተሸክማ ትገኛለችና፥ እጃችሁን መታጠብ፥ ሰላጣውንም ቅጠል በቅጠል ማጠብ አይከፋም።

ሥራውን የሚያቀልላችሁ ደግሞ እርሾ ነው። ፈረንጆች በአፈር ውስጥ ጣሳ ቀብረው ቢራ ይሞሉበታል፤ ሽታው ይጠራትና ሰክራ ትሰጥማለች፤ በእኛ አገር የጠላ አተላ ይህን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም፥ የሚጠራት እርሾው ነውና። ከቢራ የተሻለ ግን ተገኝቷል፤ በ2021 ዓ.ም. በሃዋይና በሌሎች ቦታዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዱቄት፥ ውሃና እርሾ ብቻ ያለበት የቦካ የዳቦ ሊጥ ብዙ ዓይነት ቀንድ አውጣዎችን የሚስብ ርካሽና መርዝ የሌለው ወጥመድ መሆኑን አሳተሙ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሃዋይ ደሴት ሊቃውንት የመጣው ዜና በጓዳዬ ቡሀቃ ውስጥ ሲፈላ የኖረ ነገር ነበረና። የእኔ ሙከራ በእንጀራ ሊጥ ነው፦ ከምጣድ የተረፈውን ሁለት ማንኪያ ያህል በቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጌ በማሰሮዎቹ መካከል አኖረዋለሁ፤ ዝናም እንዳያጥበውም የተሰበረ ሸክላ እደፋበታለሁ፤ ጠዋት ሸክላውን ሳነሣ ሁሉም ከቅጠሉ ይልቅ ከሊጡ ዙሪያ ተሰብስበው እንደ ማኅበርተኛ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ቀድሜ በኅሊናችሁ አኑሩልኝ ያልኋችሁ ማሽተት ይህ ነው፤ አጥር ሠርታችሁ ከምታባርሯት ይልቅ ጠርታችሁ ብትይዟት ይቀልላል።

የቀረውን በአጭሩ፦ አበባችሁን በማታ ሳይሆን በጠዋት አጠጡ፥ እርጥብ አፈር ይዞ የሚያድር ማሰሮ ለእርሷ የተዘረጋ ምንጣፍ ነውና። ማሰሮውን ከበረንዳው ወለል በሦስት ጠጠር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ነፋስ ሲያልፍበት ሥሩ ይደርቃል። ሳህኑን በክረምት አንሡት፤ ዝናም ባለበት ወር ሳህን ለምን ያስፈልጋል? ቅጠሉ ግድግዳ ወይም ሌላ ማሰሮ እንዳይነካ አድርጉ፥ ድልድይ ይሆናታልና።

«ጥቂት ቢቀሩስ ምን አለ?» ለሚለኝ ሰው የማያሚን ታሪክ ልንገረው። በ1966 ዓ.ም. አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት ግዙፍ ቀንድ አውጣዎች፥ ትውልዳቸው ከዚሁ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የሆኑትን፥ ይዞ ወደ ፍሎሪዳ ገባ፤ አያቱ በአትክልት ሥፍራቸው ለቀቋቸው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ከ18,000 የሚበልጡ ቀንድ አውጣዎች ተገኙ፤ እነርሱንም ለማጥፋት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ሌላ ፍጥረት አምጥቶ ማጫረስም አይበጅም፤ ሃዋይ በ1955 ዓ.ም. ሥጋ በል ቀንድ አውጣ አስመጥታ ይህችኑ ግዙፍ እንድትበላላት ብታስብ፥ እርሷ የአገሩን የዛፍ ቀንድ አውጣዎች ጨረሰች። ዶሮ ካላችሁ ግን የለቀማችሁትን ለዶሮ ስጡ፤ የእኔዎቹ ሲያዩኝ ይሮጣሉ። በቀርጤስ ደሴት ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ደም የላትም ብለው በዐቢይ ጾም ቀቅለው ይበሏታል፤ ይህን የምናገረው ለዕውቀት ያህል ብቻ ነው፥ ለምክር አይደለም።

ፈጽሞ እንድታጠፏትም አልጠየቅኋችሁም። ከግቢያችሁ ዳር፥ ከወደቀው ቅጠልና ከበሰበሰው ግንድ ሥር ያለችው የሞተውን በልታ አፈር የምታደርግ ናትና ተዉአት፤ የእኛ ጠብ በረንዳ ላይ ካለችው ጋራ ነው።

ዘመነ ክረምት ሊገባ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ነገ ጠዋት፥ ከቁርስ በፊት፥ በበረንዳችሁ ያለውን እያንዳንዱን ማሰሮ አንሡ፤ ከባድ ነውና ጕልበታችሁን እጠፉ እንጂ ከወገባችሁ አትጐንበሱ፤ ከሥሩ ያገኛችኋቸውን ቍጠሩና ቍጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚመጣው ስብሰባ አምጡልኝ። ያን ቀን ዘበኛችን ካነሣልኝ በኋላ ከአሥራ አራቱ ማሰሮዎች ሁሉ ሥር የተገኙት አርባ ሦስት ነበሩ።